ለደነዘዘ ጣት የተሠራ ቀበቶ

ካሳሁን ጭንቅላቱን በርሜል ውስጥ ሲነክር ሚስቱ ተረፈች ከኋላው ቆማ የሸሚዙን ኮሌታ ትይዛለች። በርሜሉ ጓሮ ውስጥ፣ ከአጥሩ ሥር ነው ያለው፤ ውሃው ከክረምት የቀረ ነው። ከካሳሁን አፍ የሚነሣው ጥቁር ቱቦ በበርሜሉ ጠርዝ ላይ ታጥፎ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ፣ መንገድ ዳር ሞተሯ ተነሥቶ ወደ ቆመች የጭነት መኪና ይሄዳል። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ተረፈችም ትተነፍሳለች። ቡልቅታው ሲዘገይ የእሷም ትንፋሽ ይዘገያል፤ ጣቶቿ ኮሌታውን ያጠብቃሉ።

ጎረቤታቸው ሙሉዬ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ እያሰጣች ታያቸዋለች።

«ተረፈች፣ ባልሽ ዛሬም ራሱን በራሱ ሊያጠምቅ ነው?»

«ጥምቀት ገና ነው፣ እትዬ ሙሉዬ። እየተለማመደ ነው።»

«የኔ ሰውዬ እንዲህ ጭንቅላቱን ነክሮ ቢቆይልኝ፣ እኔ ኮሌታውን የምይዘው ወደ ታች ነበር!»

ሳቃቸው ውሃው ውስጥ ድረስ ተሰምቶ መሰለኝ፣ በርሜሉ በአንድ ጊዜ ብዙ አረፋ ተፋ።

ጊዜው ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ቦታው ቡራዩ ነው። ካሳሁን በአምቦ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ የመኪና ፍሬን ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ሆኖ ዓመታት አሳልፏል፤ ከመርከብ ሆድ ሥር እየገባ ብረት ሲፍቅ፣ የሰመጠ ዕቃ ሲያወጣ ኖሯል። የአገልግሎት ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የጋራዡን ሥራ አልጠላውም። ነገር ግን ከመኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ ሲሠራ አንዳንዴ እጁን ያቆምና ዝም ብሎ ወደ ላይ ያያል። ተረፈች ምሳ ይዛለት ስትሄድ እንደዚያ ሆኖ ታገኘዋለች። ከውሃ ሥር ሆኖ ብርሃን የሚፈልግ ሰው ነበር የሚመስለው።

የምጽዋ ወደብ ጠላቂ አጥሮት ስለነበር «ከጥምቀት በኋላ ከመጣህ ቦታህ ዝግጁ ነው» ብለውታል። ተረፈችን ይዟት እንዳይሄድ አንድ ጊዜ ሞክረውት ነበር፤ የምጽዋ ሙቀትና ወባ አልጋ ላይ ጥለዋት፣ መስታወት ማየት እስክትፈራ አክስተው ነበር የመለሷት። ከሄደ እንግዲህ ብቻውን ነው የሚሄደው። የባሕር ኃይል የብረት ሳጥኑ ልብሱን እንደያዘ ከበሩ ኋላ ተቀምጧል። ተረፈች ቤት ስትጠርግ ሳጥኑን አታነሣውም፤ ዙሪያውን ጠርጋ ታልፋለች።

አንድ ተስፋ ግን ነበራቸው። ሰበታ ውስጥ ያለ አንድ ፋብሪካ ውሃ የሚስበው ራሱ ካስቆፈረው ትልቅ ኩሬ ነው። ውሃው በሚወጣበት አፍ ላይ የተተከለውን የብረት ወንፊት ሣርና ቅጠል በየጊዜው ይደፍነዋል፤ እሱን ለማጽዳት ኩሬው በሙሉ ይፈሳል። ፋብሪካው ሥራ ያቆማል፤ ኩሬው እስኪሞላ ድረስ ከሥሩ ያሉ አትክልት አብቃዮችም ውሃ ያጣሉ። የፋብሪካው መሐንዲስ አቶ ዳኜ የካሳሁንን ነገር ሰምተው ጋራዥ ድረስ መጡና እንዲህ አሉት፦

«ኩሬውን ሳላፈስ ወንፊቱን የሚያጸዳልኝ ሰው ካገኘሁ በቋሚነት እቀጥረዋለሁ። ግን ሲወርዱ ሳይሆን ሲወጡ ነው ማየት የምፈልገው። አየሩ ቢቋረጥ ማንም ሳይጎትተው በራሱ የሚወጣ ሰው መሆኑን ሳላይ ማንንም ውሃ ውስጥ አላስገባም።»

ስለዚህ ጥምቀት ሳይደርስ መሣሪያው መሠራትና መፈተሽ ነበረበት።

መተንፈሻውን ካሳሁን የሠራው ከሁለት ጎድጓዳ የመኪና መብራት ክዳኖች ነው። በመካከላቸው ከፍሬን የወጣ ስስ ጎማ ተወጥሯል። ሰው ሲስብ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባና አንዲት የብረት ምላስ ይጫናል፤ ምላሷ የአየሩን በር ትከፍታለች። መሳቡ ሲቆም ጎማው ይመለሳል፣ በሩም ይዘጋል። ሲነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ ላይ በሩ አልዘጋ ብሎ አየሩ የካሳሁንን ጉንጭ እንደ ፊኛ ነፋው። ጠንካራ ሞላ ሲያስገባበት በደንብ ዘጋ።

«አሁን ተስተካከለ» አለ።

«እስቲ ለኔ ስጠኝ» አለች ተረፈች። አፏ ላይ አድርጋ ሳበች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፤ አየር ግን አልመጣም።

«አንቺማ ትንፋሽሽ ትንሽ ነው፣ ተሬ። የምወርድበት እኮ እኔ ነኝ።»

«መውረዱንስ አንተ ነህ የምትወርደው። ሲደክምህ ግን የምትስበው እንደኔ ነው።»

ካሳሁን መፍቻውን አንሥቶ ሞላውን አወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ የወደቀ ሞላ ሁሉ ወደ ቤት መጣ፤ የካርቡራተሩም፣ የበር ቁልፉም፣ የእስክሪቢቶው ሳይቀር። ሞላ በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ የምትስበው ተረፈች ሆነች። ገብስ ስትወቅጥ ውላ ክንዷ ሲዝል፣ ወይም ከወንዝ ውሃ ቀድታ ዳገቱን ወጥታ ስታለከልክ፣ «በይ አሁን» ይላታል። በዚያ ድካሟ ስትስብ አየሩ ያለ ትግል የመጣላት ዕለት ካሳሁን መተንፈሻውን መልሶ አልፈታውም።

አየሩ የሚመጣው ከሀሰኖ መኪና ነው። ሀሰኖ እህል ነጋዴ ነው፤ ኤንትሬ የምትባለዋን ትልቅ ፊያት ራሱ ይነዳታል። የእንዲህ ያለ መኪና ፍሬን የሚሠራው በአየር ነው። ሞተሩ ሲዞር አየር ይጨመቅና ከሆዷ ሥር ባለ ታንክ ውስጥ ይጠራቀማል። ካሳሁን ከታንኩ ላይ ቱቦ ቀጠለ፤ አየሩ የዘይት ሽታ እንዳይኖረውም ከሰልና ንጹሕ ጥጥ የጠቀጠቀበት ወፍራም ቧንቧ በመካከሉ አስገባ።

«ወላሂ፣ ጤፍ ስትሸከም የኖረች መኪና አሁን ለሰው ትተንፍስለት?» ይላል ሀሰኖ። «ቆይ፣ ነገ ደግሞ እንለባት ትሉኛላችሁ።»

ሀሰኖ ሰው ሁሉ የሚቀልድበት ልማድ ነበረው። ዕድሜውን ሙሉ የእንጦጦንና የሙገርን ቁልቁለት ስለነዳ እግሩ ፍሬን ሳይረግጥ አያርፍም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ ወሬ ካስደነገጠው ቀኝ እግሩ መሬቱን ይጫናል። ባለቤቱ ራህመት «ተኝቶም የአልጋውን ብረት ነው የሚረግጠው፤ ወዴት እንደሚወስደኝ እንጃ» ትላለች።

የቀረው ክብደቱ ነበር። የሰው አካል ውሃ ላይ መንሳፈፍ ስለሚወድ ጠላቂ ታች ለመቆየት ወገቡ ላይ እርሳስ ይታጠቃል። ካሳሁን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ያወጣውን እርሳስ ደጅ ላይ አቀለጠና፣ የልብስ ሳሙና ተጭኖ በደረቀ ሸክላ አፈር ውስጥ አፈሰሰው። ሲቀዘቅዝ ቁርጥ ሳሙና መሰለ። ሙሉዬ አንዱን ልታነሣ ሞክራ በሁለት እጇ እንኳ ከበዳት።

«በዚህ ሳሙና የታጠበ ልብስ መቼም ወንዝ አይወስደው» አለች።

ካሳሁን ምጽዋ ላይ ይታጠቅ በነበረው ልክ ሳሙናዎቹን በወታደር ቀበቶ ላይ ደረደራቸው። የናሱ ዘለበትም የምጽዋው ነበር።

ታኅሣሥ እንደ ገባ ለሙከራ ሱሉልታ ሄዱ። ተረፈች ካደገችበት መንደር አጠገብ ወንዙ ሲታጠፍ የሚሠራው ጥልቅ ኩሬ አለ። ማለዳ ስለነበር ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ጭሷ አየር ወደምትስብበት እንዳይመለስ ኤንትሬዋን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አድርገው አቆሟት። ተረፈች በካሳሁን ወገብ የታሰረውን ገመድ ያዘች። አንድ ጊዜ ከሳበ ደህና ነኝ ማለቱ ነው፤ ደጋግሞ ከሳበ አውጪኝ።

ካሳሁን በፈገግታ ገባ። ቀስ እያለ ይወርዳል ብላ ስትጠብቅ እንደ ድንጋይ ሄደ። ገመዱ መዳፏን እየላጠ ሮጠ። ኩሬው ደፈረሰ። ትንሽ ቆይቶ ገመዱ ተሳበ፤ ወዲያው እንደገና ተሳበ፤ እንደገና።

«ጋሼ ሀሰኖ!»

ሁለቱ ተጋግዘው ጎተቱት። ሲወጣ እስከ ደረቱ ጭቃ ነበር፤ ሁለት እጆቹ አሁንም ዘለበቱ ላይ ናቸው።

«አልፈታ አለኝ» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ጣቶቼ የኔ አልነበሩም።»

የጨው ውሃ ሰውን ይሸከማል። የሱሉልታ ውሃ ጨው ስለሌለው ለምጽዋ የሚመጠነው እርሳስ እዚህ ይበዛል። ካሳሁን ይህን ያውቅ ነበር፤ ግን እርሳሱን ሲደረድር ያመነው ወገቡን ነው፣ ወገቡ ደግሞ የሚያስታውሰው የምጽዋን ልክ ነው። ዘለበቱም እንደዚያው ነበር። ቀይ ባሕር ለብ ያለ ነው፤ ዘለበቱን የሠራው ሰው በሱሉልታ ማለዳ ውሃ ውስጥ እጁን አስገብቶ አያውቅም።

ጋቢ ተከናንቦ መኪናዋ ውስጥ ሲቀመጥ ወደ ተረፈች አልዞረም።

«ይብቃን፣ ተሬ። ምጽዋ ልሂድ። እዚያ ውሃው ያውቀኛል።»

ተረፈች የተላጠ መዳፏን ጉያዋ ውስጥ ሸሸገች።

መኪናዋ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ስትወጣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከፊት ሲሄዱ አገኟቸው። ሀሰኖ ፍሬን ረገጠ፤ መኪናዋ ጵስስ አለች። ሴቶቹ ሸክማቸው ቀስፎ እንደያዛቸው ወደ ዳር ወጡ። ተረፈች እስክታገባ ድረስ በዚሁ መንገድ ተሸክማለች። ዓይኗ ደረታቸው ላይ አረፈ፤ ገመዶቹ ላይ።

«ጋሼ ሀሰኖ፣ ያቁሙልኝ።»

ከሴቶቹ አንዷ አብሮ አደጓ ገለቴ ነበረች።

«ገለቴ! አካም ጂርታ?» ስትል በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቀቻት።

«ተረፌ! ፈያ፣ ፈያ! መኪና ላይ ሆነሽ ነው የምትጠሪኝ፣ አንቺ የከተማ ሰው?» ገለቴ ወደ ካሳሁን አየት አደረገች። «ይኼ የባሕሩ ባልሽ አይደል? ምነው፣ ባሕሩ ጭቃ ሆነ እንዴ?»

«ሸክምሽን አበድሪኝ።»

«አዲስ አበባ ድረስ ከተሸከምሽልኝ ውሰጂ!»

«ለኔ አይደለም። ለእሱ ነው።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ካሳሁን ግን የሚስቱን ፊት ሲያይ ጋቢውን አስቀምጦ ወረደ።

የእንጨት ሸክም ገመድ ደረት ላይ አይቋጠርም። አንዱ ጫፍ በሌላው እጥፋት ውስጥ ይገባል፤ የሚያጠብቀው የሸክሙ ክብደት ራሱ ነው። ከጫፉ ላይ እጅ የሚያስገባ ቀለበት አለው። ሴትየዋ ድጥ ላይ ከተንሸራተተች ቀለበቱን ትነጭቃለች፤ እንጨቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ እሷ ትተርፋለች። ጣት አይፈልግም፤ በዚያ ዳገት ብርድ ጣቱ የሚታዘዝለት ማን ነው? በገለቴ መንደር ልጃገረዶች መሸከም ሳይለምዱ መጣልን ነው የሚለምዱት። ትልልቆቹ ሳይታሰብ ከኋላ መጥተው «ጣዪ!» ይሏቸዋል፤ ዘግይታ የጣለች ልጅ ቀኑን ሙሉ መሳቂያ ናት።

ገለቴ ሸክሟን በካሳሁን ጀርባ ላይ አሰረች። ካሳሁን የደነዘዘ እጁን እያየ ቆመ።

«ጣል!» አለች ገለቴ ከጆሮው ሥር።

ካሳሁን ደንግጦ የእጁን አንጓ በቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ ነጨቀ። እንጨቱ ከኋላው መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። ወደ እጁ ተመለከተ። ጣቶቹ አሁንም አልተጣጠፉለትም።

«እንደገና እሰሪልኝ» አለ።

«ኧረ እንጨቴን ሰባብረህ ልትጨርሰው ነው!» አለች ገለቴ፤ ቢሆንም አሰረችለት።

ደጋግሞ ጣለ። ገበያው እየረፈደባቸው ስለሆነ ሀሰኖ የሁሉንም እንጨት ኤንትሬዋ ላይ ጭኖ ሴቶቹን አዲስ አበባ አደረሳቸው። እስኪደርሱ ድረስ ከኋላ ዘፈን ይሰማ ነበር።

ተረፈች አዲሱን ቀበቶ በራሷ እጅ ሰፋችው። ዘለበቱን ቆርጣ ጣለችና በምትኩ ከወፍራም ጠፍር እጥፋት ሠራችለት፤ ጫፉ ላይ አንጓ የሚያስገባ ቀለበት። ጠፍሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና እጥፋቱን አንቆ ይይዛል፤ ስለዚህ ሌሊቱን እየዘፈዘፈች፣ ጠዋት እየነጨቀች፣ በቂ ስፋት እስኪያገኝ ደጋግማ ፈታ ሰፋችው። ከዚያ ወደ ሱሉልታው ኩሬ ተመልሰው ካሳሁን ብዙ ጥልቀት በሌለው በኩል ትንፋሹን ይዞ፣ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ሲንሳፈፍ እርሳሶቹን አንድ በአንድ ጨመሩለት። ውሃው ከዓይኑ ትክክል ሲሆን ተረፈች «ይበቃል» አለች። የተረፉት ሳሙናዎች ከሀሰኖ መቀመጫ ሥር ገቡ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰላም አጣ። ካሳሁን እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ቀበቶውን ታጥቆ፣ እንጀራ ሊቆርስ ሲል፣ ጫማ ሲያስር፣ «ጣል!» ትለዋለች። እርሳሱ ወለሉ ላይ ዷ ይላል። ሙሉዬ ከአጥር ወዲያ «እናንተ ሰዎች፣ ወይ ተደባደቡ ወይ ተዉ!» እያለች ትጮኻለች።

የሰበታው ቀን ብርድ ነበር። አቶ ዳኜ ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ከኩሬው ዳር ቆሙ። ኤንትሬዋ ዘንበል ባለው መሬት ላይ ቆማለች፤ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ገብቷል። ሀሰኖ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ለመያዝ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል። ተረፈች ገመዱን ያዘች። ከግድቡ ማዶ፣ ታች፣ የጎመንና የሽንኩርት መደቦች ይታያሉ፤ ወንፊቱ በመደፈኑ ወደ እነሱ የሚወርደው ቦይ ደርቋል።

ካሳሁን በዚህ ጊዜ እንደ ቅጠል ወረደ። አረፋው እኩል እኩል መጣ። ብዙም ሳይቆይ የሣር ጉንጉንና ጥቁር ቅጠል ከሥር እየተነቀለ መንሳፈፍ ጀመረ። የአቶ ዳኜ እጆች ከኋላቸው ተፈቱ።

በዚያ መካከል ከኤንትሬዋ ጎማ ሥር ያለው ድንጋይ አፈሩ ውስጥ ገባ አለ። መኪናዋ ንቅንቅ ከማለት በቀር የትም አልሄደችም። የሀሰኖ እግር ግን አልጠየቀም።

ጵስስ።

ተረፈች ድምፁን ሰማች።

ጵስስ። ጵስስ።

ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የሚወጣው አየር የካሳሁን አየር ነበር።

«ጋሼ ሀሰኖ፣ እግርዎን! እግርዎን ያንሡ!»

አረፋው ሳሳ። ከዚያ ጠፋ። ገመዱ በእጇ ውስጥ ዝም አለ። ልትጎትት ክንዶቿ ተነሡ፤ የአቶ ዳኜ ቃል ትዝ አላት፣ ግን ከባሏ የሚበልጥ ቃል አልነበረምና መሳብ ጀመረች። ገመዱ ያለ ምንም ክብደት መጣላት። ከፊቷ ውሃው ተከፈለና የካሳሁን ራስ ብቅ አለ፤ ወገቡ ላይ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር።

እያሳለ እስከ ዳሩ ዋኘ። ጎትታ ስታወጣው ጆሮዋ ሥር «ጣል ስትዪኝ ሰማሁሽ» አላት።

«አላልኩም።»

«እንግዲያ እጄ ነው የሰማው።»

ሀሰኖ ከጋቢናው ወርዶ እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔ ነኝ፣ አቶ ዳኜ። በእሱ አይፍረዱ። መኪናዋ የሄደች መስሎኝ አየሩን ረገጥኩበት።»

አቶ ዳኜ የካሳሁንን ወገብ ተመለከቱ። ተረፈች ጋቢውን በባሏ ትከሻ ላይ እያደረገች ዓይኗን ከፊታቸው አልነቀለችም። በሐሳቧ የብረት ሳጥኑ ከበሩ ኋላ ታያት።

«ቀበቶው የት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ታች ነው» አለ ካሳሁን።

«ራስዎ ነዎት የጣሉት?»

«ራሴ ነኝ።»

አቶ ዳኜ ከኪሳቸው እስክሪቢቶ አውጥተው «እስቲ ይህን ይያዙልኝ» አሉ። ካሳሁን እጁን ዘረጋ። እስክሪቢቶው በጣቶቹ መካከል ሾልኮ ሣሩ ላይ ወደቀ። አቶ ዳኜ ጎንበስ ብለው አነሡት፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው ፈክቷል።

«እስክሪቢቶ በማይዝ ጣት ነው የወጡት። እንኳን ሳይፈተሽ አልቀረ! ሲወጡ ማየት እፈልጋለሁ ብዬ ነበር፤ አየሁ።» ወደ ሀሰኖ ዞሩ። «ነገር ግን እርስዎ ሰውዬው ታች እያለ ጋቢና ውስጥ አይቀመጡም።»

«ወላሂ፣ ጫማዬንም አውልቄ እሰጥዎታለሁ!»

ነዳጅ መርገጫው ላይ ከተረፉት እርሳሶች አንዱን አስቀመጡበት፤ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተጨመረ፤ ሀሰኖም ከመኪናው ርቆ ባዶ እግሩን ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ካሳሁን ፀሐይ ላይ እጁ እስኪመለስ ቆየና፣ የቀሩትን ሳሙናዎች በተረፈች መቀነት ታጥቆ ወረደ፤ መቀነቱንም በቀለበት አስራዋለች። ሲመለስ የጠፋውን ቀበቶ ይዞ ነበር። እሱ ገና ዳር ሳይደርስ ከግድቡ ማዶ ጉርርር የሚል ድምፅ ተሰማ። ውሃው መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ሆኖ ቦዩን ይዞ ወረደ። ጎመን መደብ ላይ ጎንበስ ብላ የነበረች ሴት ቀና ብላ ወደ ላይ አየች።

ካሳሁን በዚያ ኩሬ ለዓመታት ሠራ። ሌሎች ቦታዎችም ይጠሩት ጀመር፤ ሁለት ሰዎችንም አስተማረ። ቀበቶዎቻቸውን የሰፋችው ተረፈች ናት። መዋኘት እስከ ዛሬ አታውቅም። ግን ማንም ውሃ ከመግባቱ በፊት በእሷ ጓሮ፣ እጁን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ፣ ሳያስበው «ጣል!» መባል አለበት። የዘገየ ሰው አይወርድም። ገለቴ እየመጣች ከኋላ የምትጮህበት ቀንም ነበር፤ የእሷን ጩኸት የሚችል የለም ይላሉ።

ያን ዓመት በጥምቀት ዋዜማ ካሳሁን ከሰበታ ሲመለስ ተረፈች የብረት ሳጥኑን ከፍታ ልብሱን እያወጣች ግድግዳው ላይ በሚስማር ስትሰቅል አገኛት። በልብሱ ፋንታ መተንፈሻውንና ቀበቶውን አስገባች።

«ሳጥኑን ወዴት ልትወስጂው ነው?» አላት።

«ወደ ጓዳ። እርጥብ ዕቃ በር ላይ አይቀመጥም።»

ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘው አነሡት። ከበሩ ኋላ፣ ሳጥኑ በነበረበት ቦታ፣ ባለ አራት ማዕዘን አቧራ ቀረ። ተረፈች መጥረጊያውን አንሥታ ጠረገችው።